በእንቁጣጣሽ ቀን የተከፈተው ቢሮ

ይህን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ማህሌት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ግን ስለ እሷ ደግ ደጉን ሳወራ እጇን እያቆመች አስቸግራኛለች። "ይሄን እንለፈው እምዬ" ትላለች። ሲያልቅ ጎረቤት ጠርቼ አስነብበዋለሁ፣ አንዲት ቃል ብትጎድል ጉድሽ ነው ብያታለሁ። አሁን ደህና ትጽፋለች።

ጥሩነሽ እባላለሁ። ቤቴ አንኮበር ነው፣ ከደብሩ ዝቅ ብሎ። ባለቤቴ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባሕረ ሐሳብ ቆጣሪ ነበሩ። ጾሙ መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል፣ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ለአገሩ የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ አጠገባቸው የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ስሰማ ኖርኩ። ማንም ነይ ተማሪ ያለኝ የለም፤ ጆሮዬ ነው የተማረው።

ያኔ ምን ዓይነት ሴት እንደነበርኩም ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ግትር ነበርኩ። ተሳሳትኩ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ከዓመታት በፊት አንድ ከረጢት ሙሉ የተፈተለ ጠጉር ጠፋብኝና ጎረቤቴን አስካለን "አንቺ ነሽ የወሰድሽው" አልኳት፣ ያውም ለቅሶ ቤት፣ በሰው መሀል። ወር ሳይሞላ ከረጢቱን ከጎተራው ኋላ አገኘሁት። ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። ጠጉሩን ባና አሠራሁት፣ ባናውን ለብሼ በአስካለ ደጅ አለፍኩ፣ ዝም።

የማህሌትንም ሥራ አልወደድኩላትም ነበር። ልጅ ሳለች አያቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ "አባባ፣ የዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው?" የምትል ነበረች። ቁጥሩን ትይዛለች ብለን ስንጠብቅ አዲስ አበባ ሄዳ ኮምፒውተር ተማረች።

"የአያትሽን ቁጥር ትተሽ ከቆርቆሮ ጋር ታወሪያለሽ" እላት ነበር።

"ቆርቆሮውም'ኮ የሚያወራው ቁጥር ነው እምዬ" ትለኛለች። እኔ ግን አይዋጥልኝም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ የመሬት ደብተር ያለው ሁሉ በየተራው ደብረ ብርሃን እየመጣ ያመሳክር ተባለ። በፊት የሁላችንም ስም በየወረዳው በትንንሽ ኮምፒውተር ላይ ነበር አሉ። እነሱ እያረጁ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እየታመሙ ቢያስቸግሩ ጊዜ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ይግባ ተባለ። ሜይንፍሬም ይሉታል። ባንክ ያለውን ሁሉ፣ አገር ያለውን ሁሉ ብትጭንበት አይደክመውም ይላሉ። የመሬቱን ፕሮግራም ከትንንሾቹ ወደዚያ ያዛወረችው ደግሞ ማህሌት ነበረች፤ ለዚሁ ሥራ ደብረ ብርሃን ቢሮ መጥታ ነበር። እኔ ይህን አውቃለሁ። ደብተሬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ጎህ ሲቀድ መኪና ስሳፈር፣ ልቤ ከደብተሩ ይልቅ እሷን ለማየት ነበር የቸኮለው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ወጥቷል። ከፊቴ የነበረችው ዘነበች የምትባል የመዘዞ ሴት ናት፣ እድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅ።

"እቴ፣ ከባናሽ አካፍይኝ፤ ይሄ ብርድ የእግዜር አይደለም" አለችኝ።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የመሥሪያ ቤት ነዋ። አታዪም፣ ውስጥ ያሉትን አይበርዳቸው!"

እንዲህ እየተሳሳቅን ደረስን። መጀመሪያ ዘነበች ገባች። ስትወጣ ሳቋ ጠፍቷል፣ እጇም ባዶ ነው። ምነው ሳልላት ተራዬ ሆነ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ደብተሬን ገልጣ ወደ ኮምፒውተሩ አየች፣ ወደ ደብተሩ አየች፣ ደግማ አየች።

"እማማ፣ ይሄን ደብተር ማን ነው የሰጦት?"

"መንግሥት ነዋ።"

"የተሰጠበት ቀን አይገጥምም። እርስዎ ጋ ጳጉሜ ስድስት ነው የሚለው። ማሽኑ ደግሞ መስከረም አንድ ይላል።"

ደብተሬን ከጎኗ ከተከመረው ላይ ጣል አደረገችው።

"ምነው? ስጪኝ እንጂ።"

"ይቆያል እማማ። ተደልዟል ነው የሚባለው እንዲህ ያለው።"

እናንተዬ፣ ተደልዟል! ደብተሩ ላይ ያለው ስም የመሪጌታ ነው። ሰውየው በሕይወታቸው የሰው እህል አልነኩም፤ ሞተው በሌሉበት ደላዥ ይባሉ? ቀኑንም አልረሳሁትም። የመሬት ኮሚቴዎቹ ዘመን ሳይለወጥ እንጨርስ ብለው ከደብሩ ጥድ ሥር ጠረጴዛ አውጥተው ነበር የሰጡን። መሪጌታ ደብተሩን ተቀብለው ሳቁ። "ጥሩነሽ፣ ይቺን ቀን ያዢያት። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ እንግዳ ናት" አሉኝ።

ከመስታወቱ ወዲያ ማህሌት ነበረች። አንገቷን ደፍታ ትሠራለች፣ አላየችኝም። ልጠራት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ደላዥ የተባለች አያት ይዞ በሥራ ባልደረባ ፊት መቆም ምን ይባላል? ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ወጣሁ። ልጄን አላውቃትም ብዬ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ደብተራቸው የተያዘባቸው ሰዎች ለብቻ ቆመዋል። ሃያ እንሆን ይሆናል። ኃላፊው አቶ ደረጀ የሚባል ሰው ነው፣ ወደ በረንዳው ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደስታ ነገር አሳሳተው እንጂ።

"ይሄ አዲሱ ማሽን ዓይን አለው!" አለ። "ስንት ዘመን የተደለዘ ሰነድ ይዞ የኖረ ሁሉ ይኸው ታየ። ዝርዝሩ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት ለፖሊስ ይሄዳል። ጥፋቱን የሚያምን ካለ ከአሁኑ ይንገረን።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዘነበች ክርኔን ጨብጣ "ልጆቼ ምን ይላሉ?" አለች። እኔ ግትር ነኝ አላልኳችሁም? ያን ጊዜ ግትርነቴ ጠቀመኝ።

"የኔ ጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አልኩ።

"ይጠይቁ እናቴ።"

"ይሄ ቢሮ በእንቁጣጣሽ ቀን ይከፈታል?"

"እንዴት ይከፈታል! በዓል አይደለም እንዴ?"

"እና ለእኔ በእንቁጣጣሽ ቀን ደብተር የሰጠኝ ማን ነው? አበባ ይዘው የሚዞሩት ልጃገረዶች ናቸው?"

የፈራው ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ደረጀ "ማሽን አይሳሳትም እናቴ" አለ፣ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ድምፄን ሰምታ ነው መሰለኝ በሩ ተከፈተና ማህሌት ወጣች። ያን ሁሉ ሰው አልፋ፣ በዚያ ንጹሕ ልብሷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

"እምዬ! መቼ መጣሽ? ለምን አልጠራሽኝም?"

አቶ ደረጀ አያት። "አያትሽ ናቸው እንዴ?" አለ። "ማህሌት፣ እንግዲህ ዘመድ ስለሆኑ…"

"ዘመድ ስለሆኑ አይደለም አቶ ደረጀ" አለችው። "አያቴ ካልደለዙ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ከሁለታችን አንዳችን ነን። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ማንኛችን እንደሆንን ልወቅ።"

(እዚህ ላይ እጇን አቁማ ነበር። ጻፊ አልኳት።)

ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ ሰው ጠራች። ከአዲስ አበባ የመጡ ሽበታም ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከእንደዚያ ያለ ትልቅ ማሽን ጋር የፈጁ። ወንበር አስመጥተው መሀላችን ቁጭ አሉ። ማህሌት ወረቀት ይዛ በየተራ ጠየቀችን፣ ደብተሩ ምን ይላል፣ ማሽኑ ምን ይላል።

ዘነበች፣ "የእኔ ለሚካኤል ማግስት ነው፣ የኅዳር። ታቦት ሸኝተን፣ ጠላው ገና ከራሴ ሳይወርድ ነው የሄድኩት። ማሽናችሁ በማግስቱ ማግስት ነው ይላል። እኔ ሁለት ቀን የሚያሰክር ጠላ አልጠምቅም!" አለች።

የአንዱ የማርያም ዕለት የነበረው ማሽኑ ላይ በማግስቱ ሆኗል። የሌላው የጊዮርጊስ ዕለት፣ እሱም በማግስቱ። የሁሉም አንዲት ቀን ወደፊት ሸሽታለች።

"ሁሉም አንድ ቀን" አለች ማህሌት። "ግን አንድ ሺህ ደብተር ሲገጥም እነዚህ ብቻ ለምን?" ጋሽ ንጉሤም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ያደግሁበት ልማድ አለኝ። ዓመት በቁጥር አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ሲወለድም ሲሞትም የማውቀው በወንጌላዊው ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፣ ተመልሶ ማቴዎስ። እናቴ በማርቆስ ሞተች፣ ማህሌት በዮሐንስ ተወለደች፣ እንዲህ ነው። ስለዚህ ዘነበችን እንዲያው ለወሬ ያህል፣

"በማን ዘመን ነበር የወሰድሽው?" አልኳት።

"በዮሐንስ። የበኩር ልጄን የዳርኩበት።"

"አንተስ ወንድሜ?"

"በዮሐንስ ነው፣ እማማ።"

"አንቺስ?"

"ዮሐንስ።"

የማህሌት እርሳስ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆና አያቷ እግር ሥር ስትቀመጥ የነበራት ነው።

"ሁሉም ዮሐንስ… እምዬ፣ ያንቺስ?"

"የእኔ ሉቃስ ነው።"

ፊቷ ወደቀ። "እንዲያ ከሆነ አይሆንም" አለች።

"እንዴት አይሆንም! የሉቃስ መጨረሻ ናት'ኮ፣ ስድስተኛዋ! አያትሽ ምን ይሉ ነበር? አምስት አምስት እያለ ሄዶ፣ በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ረሳሽው?"

ማህሌት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ንጉሤ ከወንበራቸው ተነሡ። ሁለቱም ወደ ውስጥ ሮጡ፤ ሽበታሙ ሰውዬ ሲሮጡ ማየት! እኔም ተከተልኳቸው፣ ማንም አልከለከለኝ።

ማህሌት ማሽኑን ጠየቀችው። በሉቃስ ጳጉሜ ስንት ቀን ናት? መለሰ። "አምስት ይላል" አለች። በዮሐንስስ? "ስድስት!"

የሉቃስን ቀን ነጥቆ ለዮሐንስ ሰጥቶታል። ያቺ ቀን ከቦታዋ ስትነሣ፣ የእኔ ጳጉሜ ስድስት እንቁጣጣሽ ሆነች፣ ከእሷ በኋላ ያለው የዮሐንስ ዓመት ሁሉ አንድ አንድ ቀን ተገፋ። ማቴዎስ ሲገባ ተመልሶ ይገጥማል። ለዚህ ነው የሌላው ሰው ሁሉ የገጠመው።

እንዴት ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄያታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ቀን ራሱ አይቆጥርም። ከሥሩ ተሸክሞ የሚያኖረው ሌላ ነገር አለ፣ ራንታይም ትለዋለች፤ ቀን ባስፈለገው ቁጥር እሱን ነው የሚጠይቀው። በትንሹ ኮምፒውተር የነበረው ያገራችንን ቁጥር አሳምሮ ያውቃል። በትልቁ ማሽን ያለውም ያንኑ ስም ይዟል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል፣ መልስም ይሰጣል። መልሱ ግን የራሱ ነው። አዲስ ምራት በለመደችው በኩል እጇን ሰድዳ ከእንስራው ብትዘግን፣ እንስራው እንደናቷ ቤት እንስራ፣ ቦታውም እዚያው፣ ገብስ ያለችው ግን ተልባ ሆኖ እንደምታገኘው ማለት ነው።

"ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሌላ" አሉ ጋሽ ንጉሤ። "ወድቆ ቢሰበር ኖሮ እናየው ነበር። ይሄ ግን እየሠራ ነው የሚሳሳተው። እንዲህ ያለውን ነው የምፈራው።"

"ጳጉሜን ሞክሬያት ነበር ጋሼ" አለች ማህሌት። "አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት። ስድስተኛዋን…"

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ደብተራ ቅኔ ሲቆጥር አይታችኋል? ዓይኑ ክፍት ነው ግን እናንተን አያይም። ማህሌት እንዲያ ሆነች። ጣቶቿ ብቻ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ትጽፋለች፣ ትሞክራለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ታጠፋለች። ጋሽ ንጉሤ ከኋላዋ ቆመው አንዳንዴ አንድ ቃል ይጥላሉ፣ እሷ ታነሣዋለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት አላስችለኝ ብሎ።

"ፕሮግራሙ ለቀን ሰው ቤት እንዳይለምን ስንቁን እያስያዝኩት ነው እምዬ። አባባ እንደሚቆጥሩት ራሱ ይቆጥር። የትም ማሽን ላይ ቢሄድ ቁጥሩ አብሮት ይሂድ።"

ደግነቱ ከሥር የተቀመጠው መዝገብ አልተነካም፤ የተሳሳተው ቀኑን አንብቦ የሚናገረው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የእኔን ስም አስገባች። ጳጉሜ ስድስት አለ። የዘነበችን አስገባች። ለሚካኤል ማግስት። ጋሽ ንጉሤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከድካም ይሁን ከሌላ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

አቶ ደረጀ ገባ። ነገሩት። "በቃ፣ ማሽኑ ትንሽ ችግር ነበረበት፣ ተስተካክሏል እንበልና ደብተሩን እንመልስ" አለ።

"አይሆንም" አለች ማህሌት።

በረንዳው ላይ ወጣች። ያ ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳይቀምስ ቆሟል።

"ደብተራችሁ ትክክል ነው" አለች። "ማናችሁም አልደለዛችሁም። ማሽኑም አይደለም ጥፋተኛው። ፕሮግራሙን ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ መሞከር የነበረብኝን ቀን ሳልሞክር ያለፍኩት እኔ ነኝ። ስማችሁን አጥፍቻለሁና ይቅር በሉኝ።"

ጋሽ ንጉሤ አጠገቧ ቆሙ። "ፈትሼ አሳልፌዋለሁና እኔም አለሁበት" አሉ።

ዘነበች "እሰይ! እኔስ ሌባ ሆኜ ልቀበር ነበር!" ብላ እልል አለች። ሁሉም ግን እልል አላለም። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከሦስት ቀን በፊት ደብተራቸው ተይዞ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ሰፈራቸው የሰማባቸው፣ ዛሬ ደግሞ ሊጠይቁ የመጡ። "በሦስት ቀን የወጣ ስም በአንድ ቃል ይመለሳል?" ብለው በዘንጋቸው መሬቱን መቱ። ማህሌት ወርዳ እግራቸው ሥር ወደቀች። "አይመለስም አባቴ" አለች። "ሰፈርዎ ድረስ መጥቼ ለሰዉ እናገራለሁ።" በሳምንቱም ሄዳ ተናገረች። ደነባ ድረስ! ሽማግሌው ኋላ ማር ላኩላት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በመኪና ስመለስ ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ስለ መሬቱ አይደለም። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ፣ እንጀራዋን በምትበላበት ቤት፣ በአለቃዋ ፊት፣ ዝም ብትል ማንም በማያውቅባት ነገር "እኔ ነኝ" አለች። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ኖሬ አንዲት ከረጢት ጠጉር አቅቶኛል።

አገሬ ስደርስ ቤቴ አልገባሁም። ባናውን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ አስካለ ደጅ ቆምኩ። "አስካለ፣ ጠጉሩ የተገኘው እኔው ቤት ነው፤ ከጎተራው ኋላ። ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። አስካለ እጇን ከቡኮው ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይሄን ለማለት ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ ነበረብሽ?" አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ባናውን እሷ ዘንድ ትቼው ወጣሁ።

ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ ልጆቻችሁ የሚሠሩት ባይገባችሁ አትናቁት። እኔ የመሪጌታ ቁጥር ከመሪጌታ ጋር ተቀበረ ብዬ አለቅስ ነበር። ለካ አልተቀበረም። ያ ትልቅ ማሽን፣ አገር የማይከብደው፣ ዛሬ በመሪጌታ ቁጥር ነው ቀን የሚቆጥር።

ደግሞም ከስህተቱ ይልቅ "እኔ ነኝ" የሚለው ሰው ብርቅ ነው። እሱን ስታገኙ ልብ በሉት።

ጳጉሜ ስድስት ገና አልመጣችም፤ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ማህሌት "ያን ቀን ነይና አብረሽኝ ተቀመጪ፣ ማሽኑ ሲቆጥራት እንይ" ብላኛለች። እኔ እደርስባት እንደሆነ እግዜር ያውቃል። ማሽኑ ግን ይጠብቃታል።